በእናንተ ሦስት ሰዓት

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው አይጠየቅ፤
አንድ መስመር ጻፍኩኝ፣ ሳላስብ፣ ሳልጠነቀቅ፦
«መጋቢት አሥራ አንድ፣ በእናንተ ሦስት ሰዓት፣
ልጆችሽን ይዘሽ ጠብቂን በመስኮት።»
ሐይቅ ከተማ ላለች ለሒሳብ መምህርት፣
ለዘምዘም ይመር ነው የላክሁት መልእክት።
ለእኔ ሦስት ማለት ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤
ለእሷ ሦስት ሦስት ነው፤ ምን ያስጠረጥር?

እዚህ ተንደር ቤይ ላይ ሌሊት ነበር ያኔ፣
ከሌሊቱ ስምንት፣ ሁለት ነው በእኔ፤
የሱፒሪየር በረዶ ሲሰነጠቅ ይሰማል ከሩቁ፣
እኔ ግን እንቅልፍ ላይ፤ ልጆች ሲጠብቁ።
ዩኒፎርም ታጥቦ፣ ደብተሩ ተለብዶ፣
«ጉድ ሞርኒንግ ካናዳ» ባንድ አፍ ተለምዶ፣
አንድ ላፕቶፕ ከቦ ሃያ ስምንት ተማሪ፤
መስኮቱ ጨለማ፣ አንድም የለ ጠሪ።

እዚያው ተወልጄ፣ ሰዓት እዚያው ቆጥሬ፣
እንዴት ረሳሁት? መልስ የለኝም እስከ ዛሬ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሰዓት ታጥቄ፣
ከእጄ አንጓ በቀር ፀሐይን መች ጠይቄ።

ነጋ። እዚህ ስምንት ሲሉ ፕሮጀክተሩን አበራሁ፤
ጃኬት ሳያወልቁ ልጆቼን አስጠጋሁ።
መስኮቱ ተከፍቶ ብቅ አለች ዘምዘም፤
ፊቷ የዛለ ነው፤ ቁጣ ግን የለውም።
«ስድስት ሰዓት ቆየን» አለች በእርጋታ፤
«ሰባት ልጅ ሄደብኝ። የቀረው ግን ላንዳፍታ
ሥራ አልፈታም፤ እዩት።» ላፕቶፑን አቀፈች፣
ገመዱን ነቅላለት ወደ ግቢ ዘለቀች።

አንድ ሜትር ሸምበቆ፣ ከሐይቁ ዳር የተቆረጠ፣
በቱንቢ ቀጥ ብሎ አፈር የረገጠ፤
በየግማሽ ሰዓቱ ከጥላው ጫፍ ጠጠር፣
ከጠጠሩ አጠገብ በኖራ የተጻፈ ቁጥር።
ሦስት ሰዓት ላይ መቶ ሠላሳ ሦስት፣
ስድስት ተኩል ላይ ሃያ፣ ያውም በጭንቅ፤
ዘጠኝ ላይ ሰማንያ ሁለት።

ከማል የሚሉት ልጅ፣ የፊት ጥርሱ የሌለ፣
«እናንተ ብትቀሩ፣ ፀሐይ አልቀረችም» አለ።

ቬራ ላይቲነን «ምን አለ?» ትላለች፤
ቃሉ ቀላል ነበር፤ ምላሴ ግን ታሰረች።
እንደምንም ብዬ ተርጉሜ ስጨርስ
ኮዲ ዋቡስ ወጣ፣ ቃል ሳይናገር፤
የተሰበረ የሆኪ ዱላ ይዞ ተመለሰ፣
ልክ አንድ ሜትር።

በረዶው ላይ ተከልነው። አሥራ ሁለት ሲደወል
«እኩለ ቀን» አልኳቸው፤ ጥላው ግን እምቢ ሲል፣
ያጥራል፣ ገና ያጥራል። ጣታችን ደነዘዘ፤
አንድ ሰዓትም አልፎ ጥላው እንደተጓዘ።
ከሁለት በኋላ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ አልፎ፣
ቆሞ የተገኘው፣ እግሩን አሳርፎ፦
መቶ አሥራ ሦስት ሳንቲሜትር።
ለካ ይሄ የግድግዳው ሰዓትም
በሕግ ተሹሞ እንጂ
ከፀሐይ ጋር አይነጋገር።

ይህን ጻፍኩላት። ሳቋን ላከችልኝ።
«ታዲያ ማን ነው የዘገየው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ማታ ከዘምዘም ጋር ማዕዘኑን ስናሰላ፣
(ለእሷ ጎህ ቀዷል) የእነሱ ጥላ ከኛ ጥላ
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ይርቃል።
ይህ ነው የመሬቷ ጉብጠት፣ በኔና በእሷ መሐል።
እዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከዚያ ሲያዩት ያዘነብላል፤
እዚያ ቀጥ ያለውም ከዚህ።
የወደቀ ግን የለም።

ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ ስንይዝ
«ሰዓት አትጻፍልኝ» አለች፤
«ሸምበቆው ጥላው ስንት ሲሆን ነው?
እሱን ብቻ ንገረኝ።»
«ሰማንያ ሁለት ሲሆን» አልኳት።
ትንሽ ቆየሁና፣
«ደመና ከሆነስ?»
«ያን ጊዜማ» አለች፣
«እንደለመድነው እንጠብቃለን።»